ሰላሳ አጥር የዘለሉት ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ጋርዴና ውስጥ አንድ ፋርማሲ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የቆሙት አዛውንት ጉልበታቸውን ተቀብተው መጥተው ኖሮ የካምፎር ቅባቱ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ሌላው ተሰላፊ ፊቱን ሲያዞር እኔ ይባስ ብዬ ተጠጋኋቸው። ወረፋዬ ደርሶ ባንኮኒው ጀርባ ያለችው ልጅ "ኔክስት!" ስትለኝ እንኳ አልሰማሁም። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የኛ ሰው ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ መንገድ ጀርባ ያለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በተገለበጠ የወተት ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ ነበር።

ያ ሽታ የጋሼ መኩሪያ ነው። ጋሼ መኩሪያ ማቆሚያውን የሚጠብቁ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጉልበታቸው ግን የከዳቸው ሰው ነበሩ። ቅባቱን ከትልቅ ጠርሙስ እየቀዱ ጠዋትና ከሰዓት ጉልበታቸውን ያሹበታል። ጠርሙሱ ላይ የፈረስ ሥዕል ነበረበት። ለፈረስ የተሠራ መድኃኒት መሆኑን ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው፤ ያኔ ግን "ሲቀቡት እንደ ፈረስ ያስሮጣል ማለት ነው" ብዬ ተርጉሜ ጨርሼ ነበር። በዚያ ዓመት ብዙ ነገር እንዲህ እየተረጎምኩ ነው የኖርኩት።

እናቴ ከማቆሚያው ፊት ለፊት ባለው ሱቅ በርበሬና ሽሮ እየመዘነች ታሽጋለች። እኔ የምማረው እዚያው በምንኖርበት ሃውቶርን ነው። ትምህርት ሲያልቅ የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው ጎረቤታችን አብርሃም ያነሳኝና ፌርፋክስ ያደርሰኛል፤ እናቴ እስክትወጣ ድረስም ጋሼ መኩሪያ ጋ እቆያለሁ። በዲቪ ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር።

ትምህርት ቤት ውስጥ አልናገርም ነበር። አልችልም ማለቴ አይደለም፤ አልናገርም። ነገሩ የጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሽንት ቤት ልሄድ ተነሳሁና፣ መቼም የኛ ሰው ብድግ ሲል "መጣሁ" ብሎ አይደል የሚሄደው፣ እኔም ለመምህሯ በትሕትና "አይ ኬም" ብዬ ወደ በሩ አመራሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መጣሁ ብሎ የሚወጣ ሰው አይተው አያውቁማ! ከዚያ በኋላ ወር ሙሉ፣ ሽንት ቤት የሚሄደው ሁሉ በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ "አይ ኬም!" ይለኝ ነበር። አፌን ዘጋሁ። ስሜ ሲጠራ እጄን አነሳለሁ እንጂ አቤት እንኳ አልልም።

ከገና በኋላ መምህሯ ሚስ ሎፔዝ እናቴን አስጠራቻት። አብርሃም አስተርጓሚ ሆኖ መጣ። ሚስ ሎፔዝ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ነገሩን በለሰለሰ ድምፅ ነው የተናገረችው። በጸደይ ወቅት እያንዳንዱ ተማሪ ክፍሉ ፊት ቆሞ በቃሉ ሪፖርት ያቀርባል። እኔ ያን ካላደረግኩ አራተኛ ክፍልን እደግማለሁ።

"አትናገርም ነው የምትለው?" አለች እናቴ አብርሃምን። "ይቺ? ቤት ውስጥ እኮ ፋታ አትሰጠኝም! ተሳስታ እንደሆን ጠይቃት እስቲ፣ የሌላ ሰው ልጅ እንዳይሆን።"

አብርሃም ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም። ሚስ ሎፔዝ ግን እናቴን ትከሻዋን ዳበሰቻት። እናቴ ስትመለስ በታክሲው ውስጥ እስከ ፌርፋክስ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እሷም እንደኔ ዝም ስትል ሳይ ፈራሁ፤ እስከዚያ ቀን ዝምታዬ የራሴ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የሪፖርቱ ርዕስ ሲመጣ ይኸውና፦ የአንድ ስፖርት ሦስት ታላላቅ ቻምፒዮኖችን አወዳድሩ፤ መረጃውንም ከአንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ። የክፍሌ ልጆች ሁሉ ወደ ቅርጫት ኳስ ሮጡ። እኔ ግን ሦስት ቻምፒዮኖች በየቀኑ ጆሮዬ ላይ ይጮሁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ሾፌሮቹ ታክሲያቸውን ማቆሚያው ውስጥ ይደረድሩና ጋሼ መኩሪያን ይከባሉ። ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በመሰናክል ውድድር ታሪክ ከአርክል፣ ከሬድ ረምና ከጎልደን ሚለር ማን ይበልጣል?

አሁን ለእናንተ ልንገራችሁና ይውጣልኝ፤ ሦስቱም ፈረሶች ናቸው። የእንግሊዝና የአየርላንድ ፈረሶች። ጋሼ መኩሪያ በወጣትነታቸው ጃንሜዳ፣ ፈረስ ቤት ውስጥ፣ የባልደራሱ ረዳት ነበሩ። እዚያ ይሠራ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ውድድሩን በሬዲዮ እያዳመጠ ይነግራቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ደርግ መጣ፣ ስደት መጣ፣ አሜሪካ መጣ፤ የፈረሶቹ ነገር ግን ከጋሼ መኩሪያ ራስ አልወጣም። ባልደራሱ አለቃቸው ደግሞ አንድ ጥብቅ ደንብ አስተምረዋቸው ነበር፦ ውድድር ያሸነፈ ፈረስ አንተ አይባልም። ስለዚህ ጋሼ መኩሪያ ሁሉንም እሳቸው ነው የሚሏቸው። ሾፌሮቹም፣ መጀመሪያ በቀልድ፣ በኋላ ለምዶባቸው፣ እሳቸው ይላሉ። ኳስ ስናወራ ተጫዋቹ ሰው መሆኑን እንደማንናገር ሁሉ፣ እነሱም ፈረስ የሚለውን ቃል አያነሱትም።

እኔ ደግሞ አማርኛዬ እንከን የለውም። እሳቸው ማለት ትልቅ ሰው ማለት ነው። የማውቀው የመሰናክል ሩጫም በቲቪ የማየው ነው፤ የኛ ልጆች እንጨቱን ዘለው ውሃው ውስጥ ጥልቅ የሚሉበት። ስለዚህ አርክል፣ ሬድ ረምና ጎልደን ሚለር ሦስት የተከበሩ ፈረንጅ ሽማግሌዎች ሆኑልኝ።

"አርክልን የሚያህል አልተፈጠረም!" ይላሉ ጋሼ መኩሪያ፣ ጉልበታቸውን እያሹ። "ሕጉን እኮ ነው የለወጡላቸው! እሳቸው ከተወዳደሩ ተወዳዳሪው ሁሉ የሚሸከመው ክብደት በአንድ ዝርዝር፣ እሳቸው ከቀሩ በሌላ ዝርዝር። ከሁሉ የከበደውን ተሸክመው ያሸንፋሉ። በመጨረሻም እግራቸው ተሰብሮ፣ በተሰበረው እግር ጨርሰው፣ ሁለተኛ ወጡ!"

"ጋሼ፣ አርክልን ይተዉና ሬድ ረምን ይንገሩን" ይላል አብርሃም። "ታላቁን ውድድር ሦስት ጊዜ አሸነፉ፣ ሁለት ጊዜ ሁለተኛ። አምስት ጊዜ ገብተው አንድም ቀን አልወደቁም። ደግሞ ማን ነው ያሠለጠናቸው? ታክሲ ድራይቭ ያደርግ የነበረ ሰው! ሶ፣ የኛ ሰው ናቸው።"

"እግራቸውንም ያማቸው ነበር" ይላል ሌላው ሾፌር።

"አዎ፣ ሰውዬው ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ እያስሮጣቸው ነው የዳኑት!" ይላል አብርሃም።

ጋሼ መኩሪያ እንደ ሬድ ረም ወደ ባሕሩ ቢሄዱ ጉልበታቸው በዳነ ነበር ብዬ አዘንኩ። ቅዳሜ ወደ ባሕር እንዲወስዳቸው አብርሃምን ለምኜው አውቃለሁ። ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ "እንደ ሬድ ረም ያሠልጥኗቸው" አልኩት። መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ቀልድ የተናገርኩ መሰለው።

በየቀኑ ሳጥኔ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ሰላሳ አጥር ይዘላሉ። ሲዘሉ ጀርባቸው ላይ ሰው አለ። ይህንን እሽኮኮ አድርጌ ነው የሣልኩት፤ በጣም ከባድ ውድድር ስለሆነ ሰው እሽኮኮ ተሸክመው ይሮጣሉ። ጫማቸው የብረት ነው። የሚበሉት አጃ ነው፤ ይህ ምንም አልገረመኝም፣ ፌርፋክስ ላይ ስኳር ያለበት ሽማግሌ ሁሉ አጃ ነው የሚበላው። አርክል ደግሞ በቀን ሁለቴ ጥቁር ቢራ ይጠጡ ነበር። በዚህ ትንሽ አዘንኩባቸው።

"ጋሼ፣ ልጆች አሏቸው?" ብዬ ጠየቅኩ አንድ ቀን፣ እስክሪብቶዬን ይዤ።

ጋሼ መኩሪያ ሳላቸው መጣ። "አይ… አልወለዱም፣ እናቴ።"

"ሦስቱም?"

"ሦስቱም። ሥራ ይበዛባቸው ነበር።"

ሾፌሮቹ፣ ሦስቱም የተኮላሹ መሆናቸውን ስለሚያውቁ፣ በየመኪናቸው ላይ ተደግፈው ተንከተከቱ። እኔ ግን "ሦስቱም ልጅ የላቸውም" ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

ከሦስቱ የኔ ሰው ጎልደን ሚለር ነበሩ። ማንም አይደግፋቸውም። የወርቁን ዋንጫ አምስት ዓመት በተከታታይ አንስተዋል፤ ያንን ዋንጫና ታላቁን ውድድር በአንድ ዓመት ያሸነፉ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጋሼ መኩሪያ እዚህ ድረስ በወጉ ይናገሩና ከዚያ እጃቸውን ያወናጭፋሉ።

"ምን ዋጋ አለው! በዓመቱ ተመልሰው መጡና አንድ አጥር ላይ የተሸከሙትን ሰው አሽቀንጥረው ጣሉት። ከዚያ ወዲያ እዚያች አጥር ጋ ሲደርሱ ቀጥ! እምቢ። ሕዝብ ይጮኻል፣ እሳቸው እምቢ።"

"ለምን እምቢ አሉ?"

"ማን ያውቃል። አልተናገሩ።"

ሰው ሁሉ እያያቸው ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ለምን እንደሆነም ያልተናገሩ ሽማግሌ! ያን ቀን ማታ ለእናቴ ስለ እሳቸው ብዙ አወራሁላት፤ እሷ ግን የምታስበው ስለ ሪፖርቱ ብቻ ነበር። "ትናገሪያለሽ አይደል?" አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ቀላል ነው።

እንግሊዝኛውን በታክሲ ውስጥ አብርሃም አስጠናኝ። "ሂ ጃምፕድ ሰርቲ ፌንስስ" ይላል፤ እደግመዋለሁ። "ሂ ኬሪድ ኤ ማን" ይላል፤ እደግመዋለሁ። እንግሊዝኛ እሳቸው የሚባል ነገር ስለሌለው እሱም አልነቃም፣ እኔም አልነቃሁም። ግን ሽማግሌዎቹ ልክ እንደ ትንሽ ልጅ ሂ ሲባሉ ነውር ሆነብኝና፣ ለአብርሃም ሳልነግረው፣ በየስማቸው ፊት ሚስተር ጨመርኩ።

ቀኑ ደረሰ። እናቴ ሱቁ ውስጥ የምትተካት አጥታ ቀረች። በእሷ ፈንታ ጋሼ መኩሪያ መጡ፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ከአብርሃም ጋር ከኋላ ባሉት ትንንሽ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ክፍሉ በካምፎር ታጠነ።

ስሜ ተጠራ። ወጣሁ። ከኋላ አንድ ልጅ በሹክሹክታ "አይ ኬም" ሲል ሰማሁት። ወረቀቴን አየሁና ጀመርኩ።

"ሚስተር አርክል" አልኩ። ድምፄን እኔም አላወቅኩትም። "ሚስተር አርክል እግራቸው ተሰብሮ ሁለተኛ ወጡ።" ሚስ ሎፔዝ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሚስተር ሬድ ረም እግራቸውን ያማቸው ነበር። ሚስተር ጎልደን ሚለር አምስት የወርቅ ዋንጫ አላቸው። ሦስቱም አጃ ይበላሉ፣ የብረት ጫማ አላቸው፣ ልጆች የሏቸውም። ሚስተር አርክል ቢራ ይጠጣሉ። ሰው ጀርባቸው ላይ ተቀምጦ ሰላሳ አጥር ይዘላሉ።"

ዲላን የሚባለው ልጅ እጁን አወጣ። "እነዚህ ፈረሶች ናቸው እንዴ?"

"አይደሉም" አልኩት።

"ናቸው! አያቴ ያያል በቲቪ። ሬድ ረም ፈረስ ነው!"

ክፍሉ ማጉረምረም ጀመረ። ሚስ ሎፔዝ ቀስ ብላ "የኔ ቆንጆ፣ ልክ ነው፣ እነሱ እኮ ፈረሶች ናቸው" አለችኝ። ዞር ብዬ ጋሼ መኩሪያን አየሁ። ጋሼ እንግሊዝኛውን ብዙም አይከተሉትም፤ ከሁሉም ሆርስ የምትለዋን ብቻ ለይተው ሰሙ። በኩራት ደረታቸውን ነፍተው "የስ! ሆርስ! ቬሪ ቢግ ሆርስ!" አሉ።

ሳቁ ከ"አይ ኬም" ቀን ሦስት እጥፍ ይሆናል። አብርሃም ሁሉም ነገር ገብቶት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እሽኮኮው፣ አጃው፣ ቢራው፣ ያልወለዱት ልጅ፣ አንድ ባንድ እየተገለባበጠ ፈረስ ሆነብኝ። አጥሩ ጋ ደርሻለሁ። ሕዝብ ይጮኻል። ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ሚስ ሎፔዝ "ደህና ሞክረሻል፣ ተቀመጪ" አለችኝ። መቀመጥ ደግሞ መድገም ነው። የእናቴ ዝምታ ትዝ አለኝ፤ በታክሲው ውስጥ መስኮቱን እያየች የሄደችው መንገድ። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ንዴት ተነሳብኝ።

"ፈረስ ከሆኑ ይበልጣል እኮ!" ብዬ ጮኽኩ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ስብርብር ባለ እንግሊዝኛ፣ ግን ጮኽኩ። "ሰው ሜዳሊያ ይፈልጋል። ፈረስ ሜዳሊያ አይፈልግም። ማለቂያው የት እንደሆነ ማንም አልነገረውም። እግሩ ሲሰበር አሞኛል ማለት አይችልም። ግን ጨረሰ!"

ሳቁ ቆመ። ዲላን ግን ልጅ ነው፣ አልተወኝም። "ታዲያ ለምን ሚስተር ትያቸዋለሽ?"

"በኛ ቋንቋ ትልቅ ነገር የሠራን ሰው አንተ አንለውም" አልኩት። "እናንተ ለሁሉም ሂ ነው የምትሉት። ለሌባም ሂ፣ ለአያትህም ሂ። እኛ ለይተን ነው የምንናገረው። ጋሼ መኩሪያ ለፈረስ የሚሰጡትን ክብር እናንተ ለእኔ አልሰጣችሁኝም።"

ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን ለማመን አሁንም ይቸግረኛል። ሚስ ሎፔዝ ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች። "ታዲያ ከሦስቱ ማን ይበልጣል?" አለችኝ።

ወረቀቴ ላይ ጋሼን ላለማስከፋት አርክል ብዬ ጽፌ ነበር። አጠፍኩትና ኪሴ ከተትኩት።

"ሚስተር ጎልደን ሚለር" አልኩ። "ሰው ሁሉ እምቢ አሉ ብሎ ይንቃቸዋል። ግን ያን አጥር ከዚያ በፊት ዘለውታል! ዘለው አሸንፈዋል። መዝለል አቅቷቸው አይደለም፤ አልፈልግም ነው ያሉት። ይህ ይለያያል።" ትንፋሽ ሳብኩ። "እኔም መናገር እችላለሁ። አልፈለግኩም ነበር። አሁን ፈለግኩ።"

መጀመሪያ ያጨበጨበው ዲላን ነው፤ ለዚህ እስካሁን እወደዋለሁ። ቀጥሎ ሌሎቹ። ጋሼ መኩሪያ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው፣ ከትንሿ ወንበር በመከራ ተነስተው፣ ከሁሉም አስበልጠው አጨበጨቡ። ሚስ ሎፔዝ ስሜ ጎን ምልክት አደረገች፤ ወደ አምስተኛ ክፍል አልፌያለሁ። የዚያን ቀን ከክፍሉ ስወጣ መሬቱን የረገጥኩት አልመሰለኝም።

ታክሲው ውስጥ ጋሼ መኩሪያ "ጎበዝ! አኮራሽኝ!" እያሉ ራሴን ሲያሹ ቆይተው፣ "ለመሆኑ ማን አንደኛ ወጡ?" አሉ።

አብርሃም በመስታወቱ አየኝና ሳቁን ዋጠ። "ጎልደን ሚለር" አልኩ።

ጋሼ እጃቸውን አነሱ። "አርክልን ትተሽ? አጥር ፊት ተገትረው የቀሩትን?"

"አልተገተሩም፣ ጋሼ! እምቢ ነው ያሉት!"

"እግራቸው ተሰብሮ የጨረሱትን ትተሽ!"

"አምስት ዋንጫ ነው እኮ ጋሼ፣ አምስት!"

"ሬድ ረምን ግን ሁለታችሁም ረሳችኋቸው፣ ኦኬ" አለ አብርሃም።

ከሃውቶርን እስከ ፌርፋክስ ትራፊኩ ተዘጋግቶ ነበር፤ ቢዘጋም አልታወቀንም። ማቆሚያው ስንደርስ ገና እየተከራከርን ነበር። ሾፌሮቹ ተሰበሰቡና ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እንደ አንድ ተከራካሪ ተቆጠርኩ፤ ጎልደን ሚለር ደጋፊ አገኙ። ዲላንም ትምህርት ቤት ውስጥ በየቀኑ ስለ ፈረስ ይጠይቀኛል፣ እኔም እመልስለታለሁ፤ በሒሳብ ሰዓትም፣ በሳይንስ ሰዓትም።

ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሚስ ሎፔዝ ደብዳቤ መጣ። እናቴ ፖስታውን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። በሱቁ ውስጥ ደንበኛ ሞልቶ ሳለ አብርሃምን አስጠርታ "አንብብልኝ፣ ደገመች ነው የሚለው?" አለችው።

አብርሃም አነበበና ጉሮሮውን ጠረገ። "'ልጅዎ ጎበዝ ተማሪ ናት። ነገር ግን በትምህርት ሰዓት ከመጠን በላይ ታወራለች፤ የሌሎችንም ትምህርት ትረብሻለች። እባክዎ ይምከሩልን' ነው የሚለው።"

"ምን ምን አልክ? ከመጠን?"

"ከመጠን በላይ፣ እትዬ አልማዝ።"

"እስቲ እሷን ድገማት።"

ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ በርበሬ የነካው እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ደብዳቤውን ተቀበለችውና፣ ከሚዛኑ በላይ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። አንዲት ደንበኛ ቀና ብላ አየችና "ምንድን ነው እትዬ፣ የንግድ ፈቃድ ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

"ክስ ነው" አለች እናቴ፣ ፊቷ እየበራ። "ልጄ አወራች ብለው ከሰዋት!"